ስጦታና ገመና

ስጦታ መስጠት ቀላል ነገር ይመስላል። ገንዘብ ይወጣል፣ ዕቃ ይገዛል፣ ይጠቀለላል፣ ይሰጣል፤ ተቀባዩም «ምን አስቸገራችሁ!» እያለ ይቀበላል። ነገሩ በዚህ የሚያበቃ ቢሆን ኖሮ ስለ እርሱ ብዕር ማንሣት ባላስፈለገ ነበር። ይሁን እንጂ ደጃፍ አልፎ ወደ ሰው ቤት የሚገባ ዕቃ ሁሉ እንደ እንግዳ ነው፤ የራሱ ጠባይ አለው። አንዳንዱ የተሰጠውን ወንበር ይዞ፣ የቀረበለትን ቀምሶ በጊዜ የሚነሣ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ጓዳ ካልገባሁ፣ ሙዳይ ካልከፈትሁ የሚል ነው። ይህን ልዩነት የተማርሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ አንድ የማከብራቸውን ሰው በስጦታ ካሳዘንሁ በኋላ ነው።

እኒህ ሰው የመድረክ መብራት ባለሙያ ነበሩ። ስማቸውን አልጠቅስም፤ በቴአትር ቤት ሁላችንም «ጋሼ» እንላቸው ስለ ነበር እዚህም እንዲሁ እጠራቸዋለሁ። ከ30 ዓመት በላይ ከአዳራሹ ኋላ ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጠው፣ ራሳቸው በጨለማ ሆነው፣ ሌላውን ሲያበሩ ኖሩ። ተውኔቱ አብቅቶ ተዋንያኑ እጅ ለእጅ ተያይዘው ለተመልካቹ ሲሰግዱ፣ አዘጋጁም ከመጋረጃ ኋላ ወጥቶ አበባ ሲቀበል፣ ጋሼ አንድም ቀን መድረክ ወጥተው አያውቁም። የአዳራሹን መብራት አብርተው፣ ሕዝቡ ከመቀመጫው ሳይነሣ፣ እርሳቸው በጎን በር ሄደዋል። ቤታቸው የት እንደ ሆነ የምናውቅ ጥቂቶች ነበርን። ኩሩ ናቸው የሚላቸው ነበር፤ «የሚደብቁት ነገር ቢኖር ነው» የሚልም አልጠፋም። ሁለቱም ስሕተት ነበር። ጋሼ ሰው ይወዳሉ፤ ጨዋታ ያውቃሉ፤ የታመመ ይጠይቃሉ፤ ያዘነ ያጽናናሉ። የማይወዱት ስለ እርሳቸው መወራቱን ብቻ ነው።

በ1998 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ የመሸኛ ዝግጅት ተደረገ። እኔ ያን ጊዜ ጀማሪ ነበርሁ፤ የመጀመሪያው ተውኔቴ በእርሳቸው መብራት ነበር ለተመልካች የቀረበው። ውለታቸውን በግጥም ልመልስ አስቤ ሌሊቱን ሙሉ ጻፍሁ። ግጥሙንም ለአንድ ቁም ጸሐፊ ሰጥቼ በብራና ላይ በቀይና በጥቁር ቀለም አስጻፍሁት፤ መስተዋት ባለው ክፈፍም አስገባሁት። በመሸኛው ዕለት መድረክ ላይ ቆሜ ከፍ ባለ ድምፅ አነበብሁት፤ በጭብጨባ መካከልም አስረከብኋቸው። በግጥሙ ውስጥ ግን ጋሼ ከልምምድ በኋላ አንድ ማታ ለእኔ ብቻ ያጫወቱኝ ነገር ነበረበት። ያስገባሁት ለማመስገን ብዬ ነው፤ ታላቅነታቸውን የሚያሳይ መስሎኝ ነበር፤ በእውነትም ያሳያል። ነገሩ ምን እንደ ነበር ዛሬ አልደግመውም፤ አንድ ጊዜ መናገሬ ይበቃል።

ጋሼ ክፈፉን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፤ ጎንበስ ብለውም አመሰገኑ። ያን ዕለት የመብራት ክፍሉን የያዘው ተተኪያቸው ሙሉውን ብርሃን በእርሳቸው ላይ ለቅቆት ነበርና፣ መድረኩን እንደ መዳፋቸው የሚያውቁት ሰው የት እንደሚቆሙ የጠፋቸው ይመስሉ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ቤታቸው ብሄድ ክፈፉ ከቁም ሣጥኑ ጎን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሟል። አንድም የቅሬታ ቃል አልተናገሩኝም፤ ቡና አጠጥተው በደኅና ሸኙኝ። ከዚያ ወዲህ ግን ያ የማታ ጨዋታችን ቀረ። ሲያገኙኝ ደኅንነቴን ይጠይቃሉ፤ የራሳቸውን ግን አይነግሩኝም።

ገመና የሚባል ቃል አለን። ብዙ ጊዜ ነውርን ብቻ የሚያመለክት ይመስለናል፤ «ገመናው ወጣ» ሲባል የተዋረደ ሰው ነው የሚታየን። ነገር ግን ሐዘንም ገመና አለው፤ ደግነትም ገመና አለው። ሰው የሸሸገው ሁሉ የሚያፍርበት አይደለም፤ የራሱ ስለ ሆነ ብቻ የሸሸገው አለ። እኛ የቅኔ አገር ልጆች ይህን አስቀድመን ልናውቅ በተገባን ነበር። ወርቁ ሰም የሚለብሰው አፍሮ አይደለም፤ ደክሞ ለፈታው ሰው ብቻ ይገለጥ ዘንድ ነው። እኔ ግን ያን ዕለት የሰውን ወርቅ ያለ ሰሙ አደባባይ አወጣሁት።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ በዘንድሮው እንቁጣጣሽ የተደረገ መዋጮ ነው። የቀድሞ ባልደረቦች ተሰብስበን ጋሼን ልንጠይቅ፣ ባዶ እጃችንንም ላንሄድ ተስማማን። ዕድሜያቸው ወደ 80 ተጠግቷል፤ የሚኖሩትም ብቻቸውን ነው። ምን ይገዛ በሚለው ላይ ክርክር ተነሣ። አንዱ ርምጃና የልብ ትርታ የሚቆጥር የእጅ ሰዓት ይሁን አለ። ሌላዋ ቢወድቁ እንኳ በስልካችን ልናያቸው የምንችልበት፣ ሳሎን ውስጥ የሚተከል ካሜራ ይሻላል አለች። ሦስተኛው በኢንተርኔት የተላኩ ፎቶግራፎች የሚለዋወጡበት ክፈፍ እንግዛላቸው ሲል ሐሳብ አቀረበ። ክፈፍ የሚለውን ቃል ስሰማ ደነገጥሁ። ሁሉም የተናገሩት በፍቅር ነው፤ እኔም ያን ጊዜ የጻፍሁት በፍቅር ነበር። ዕቃውን የመምረጡ ኃላፊነት በመጨረሻ ለእኔ ተሰጠ።

ስጦታ ጆሮ ሊኖረው እንደሚችል ታሪክ ይነግረናል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1945 በሞስኮ የሶቪየት ፓዮኒር ልጆች ለአሜሪካው አምባሳደር ለአቬሬል ሃሪማን ከእንጨት የተቀረጸ የአገራቸውን ታላቅ ማኅተም የወዳጅነት ስጦታ አድርገው አበረከቱላቸው። በጥሩ እጅ የተሠራ ነበርና በአምባሳደሩ መኖሪያ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። በውስጡ የተደበቀው መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1952 እስኪገኝ ድረስ የክፍሉን ንግግር ወደ ውጭ ያወጣ ነበር። ባትሪ የለው፣ ሽቦ የለው፤ ከውጭ የራዲዮ ሞገድ ሲላክበት ብቻ የሚነቃ ነበር። ለእኛ ለኪነ ጥበብ ሰዎች የሚያስገርመው ደግሞ ፈልሳፊው ነው፤ እጅ ሳይነካው የሚዜመውን፣ በስሙም የሚጠራውን የሙዚቃ መሣሪያ የሠራው ሌዎን ቴርሚን ነበር። አሜሪካኖችም እ.ኤ.አ. በ1960 ያንኑ ማኅተም ይዘው በተባበሩት መንግሥታት የጸጥታ ምክር ቤት ፊት ቀረቡ።

ተውኔት ጸሐፊ ነኝና በዚህ ታሪክ ውስጥ ዓይኔ የሚያርፈው በልጆቹ ላይ ነው። የተሸከሙት ነገር በሆዱ ምን እንደያዘ ያውቁ ነበር ብዬ አላስብም። ያቀረቡት በንጹሕ ፈገግታ ይሆናል፤ በንጹሕ ፈገግታ የቀረበን ስጦታ ደግሞ ማን ይመረምራል? ዛሬ በካርቶን የታሸገ ካሜራ ገዝተን ወደ ወዳጅ ቤት የምንሄድ ሰዎች ከእነዚያ ልጆች የምንለየው በዕድሜ ብቻ እንደ ሆነ ተሰማኝ። ነገሩ የመንግሥታት ጉዳይ ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የጀርመን የመገናኛ አውታሮች ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አንዲት ከሕፃናት ጋር የምትነጋገር አሻንጉሊት የተደበቀ የስለላ መሣሪያ ናት ብሎ ሽያጭዋን ከልክሏል፤ ወላጆችም እንዲያስወግዷት አሳስቧል። ያችም አሻንጉሊት በብዙ ቤት የገባችው በስጦታ መልክ መሆኑ አያጠራጥርም።

በእርግጥ ሰዓቱም ካሜራውም ጠላት አይደሉም። ሰው ለራሱ መርምሮ፣ ፈቅዶ ከገዛቸው የሚጠቅሙበት ጊዜ ብዙ ነው። ችግሩ ያለው ስጦታ በሆኑ ጊዜ ነው። እንዲህ ያለው ዕቃ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ስም ይጠይቃል፤ ስልክ ቁጥር፣ የትውልድ ዘመን፣ አንዳንዴም ክብደት ይጠይቃል፤ የሰበሰበውንም ባለቤቱ አይቶት ወደማያውቀው ማከማቻ ይልካል። ገዢ ይህን ባይወድ ዕቃውን ትቶ ይወጣል። ስጦታ ተቀባይ ግን ወዴት ይወጣል? በባህላችን ስጦታ እምቢ ማለት ሰጪውን እምቢ ማለት ነው። ስለዚህ ፈቃዱን ሳንጠይቅ፣ ይሉኝታውን ተጠቅመን ገመናውን እናስፈርመዋለን። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 26 የሰውን የግል ሕይወት፣ ደብዳቤውንና የስልክ ንግግሩን ሳይቀር ያስከብራል፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1321ም ስለ ግል መረጃ ጥበቃ ይደነግጋል። መልካም ነው። ነገር ግን በወዳጅ እጅ ተጠቅልሎ የገባን ዕቃ ማን ይከሳል? በዚህ ስፍራ ያለው ዳኛ የሰጪው ኅሊና ብቻ ነው።

እንግዲህ በመደብሮች መካከል ስዞር ለራሴ ሦስት ጥያቄ አበጀሁ። ይህ ዕቃ ስምን ይጠይቃልን? ለእይታ ካልተቀመጥሁ ይላልን? ሰጪው በመጣ ቁጥር «የት አደረስኸኝ?» ብሎ ይከሳልን? ሦስቱንም «የለም» ብሎ የሚያልፍ ዕቃ ጥቂት መስሎኝ ነበር፤ ስፈልግ ግን ብዙ ሆነ። ማርና ቡና ያልፋሉ፤ ተበልቶና ተጠጥቶ የሚያልቅ ስጦታ ምስክር አይተውም። ባለ ጓጉንቸር የእንጨት ሣጥን ያልፋል፤ ቁልፎቹን ሁሉ ከሰጡ፣ አንዱን እንኳ ካላስቀሩ። ምንም ያልተጻፈበት ደብተር ያልፋል፤ በመጀመሪያው ገጽ ላይ የእኛ ምርቃትና ፊርማ ካልሰፈረበት። ሽሮ ሜዳ ሄጄ ጋቢም አየሁ። ለገመና ወዳድ ሰው ከጋቢ የተሻለ ምን አለ? አራት ድርብ ነው፤ እስከ አፍንጫ ተከናንበው ቢቀመጡበት ሰው ከሰው መካከል ሳለ ቤቱ ይገባል። ነገር ግን ያንኑ ጋቢ መድረክ ላይ ጠርተን፣ ካሜራ ደቅነን ብናለብሰው ሸፋኙ ራሱ ገላጭ ይሆናል። ከዕቃው ይልቅ አሰጣጡ የሚያጋልጥበት ጊዜ እንዳለ የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው።

በመጨረሻ ከመርካቶ አንዲት በባትሪ ድንጋይ የምትሠራ ትንሽ ራዲዮ ገዛሁ። ጋሼ ማታ ማታ ዜናና የጥንት ዘፈን መስማት እንደሚወዱ አውቃለሁ። ራዲዮ ጨዋ ዕቃ ነው፤ ይነግርሃል እንጂ አይነግርብህም። ማን እንደ ከፈተው፣ በስንት ሰዓት እንደ ዘጋው፣ በየትኛው ዘፈን እንዳለቀሰ የሚያውቅ የለም።

ባልደረቦቼን ማሳመን ግን ቀላል አልነበረም። ካሜራውን ያቀረበችው እኅታችን፣ «ቢወድቁስ?» አለችኝ። ጥያቄዋ እውነተኛ ነበርና መልስ ይገባው ነበር። ተነጋግረን በየሳምንቱ ሁለት ሁለት እየሆንን በተራ ልንጠይቃቸው ወሰንን። ካሜራ የሚያየውን እኛ እንይ፤ ልዩነቱ እኛ በር አንኳኩተን፣ «ቤቶች!» ብለን መግባታችን ነው። እውነቱን ለመናገር የካሜራው ሐሳብ የመጣው እኛ ለመሄድ ስለ ሰነፍን ነበር።

በእንቁጣጣሽ ማግሥት ሁለት ሆነን ሄድን። ፎቶግራፍ አላነሣንም፤ ንግግርም አላደረግንም። ጋሼ ራዲዮዋን ተቀብለው እንደ ባለሙያነታቸው መጀመሪያ ያዩት ኋላዋን ነው። ክዳኗን ከፍተው ውስጧን ተመለከቱ፤ ድንጋዮቹንም ከተቱ።

«ይህቺ ምንም አትጠይቅም?» አሉኝ።

«ምንም አትጠይቅም፣ ጋሼ።»

ፈገግ አሉና ጣቢያ መፈለግ ጀመሩ። ልንነሣ ስንል፣ ባልደረባዬ ወደ ውጭ ቀደም ብሎ ሳለ፣ ዓይኔ ወደ ቁም ሣጥኑ ጎን ሳይሄድ አልቀረም። አዩኝ።

«አለ፤ አልጣልሁትም» አሉኝ። «ፊቱን ያዞርሁት አንተን ተቀይሜ እንዳይመስልህ። የመጣ እንግዳ ሁሉ ቆሞ ያነበዋል፤ ከዚያ ይጠይቀኛል። እኔ ብቻዬን ስሆን አዙሬ የማነብበት ጊዜ አለ።»

ከዚያ ምሽት ጀምሮ በውስጤ የነበረችውን ይቅርታ ያን ጊዜ ጠየቅሁ። «ተወው፣ ልጅ ነበርህ» አሉኝ።

ይህን ጽሑፍ ለመጽሔቱ ከመላኬ በፊት ረቂቁን ወስጄ ሰጠኋቸው፤ ያልወደዱት ቢኖር እንዲሰርዙ፣ ሁሉንም ካልወደዱት እንዲያስቀሩት ነገርኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አነበቡ። በሦስት ስፍራ ሰረዙና መለሱልኝ። ከተሰረዙት መካከል ከሁሉ ይልቅ የወደድሁት አንቀጽ ነበረበት። አንባቢ እዚህ አያገኘውም።