ዕቅዱ መቶ በመቶ ተሳካ፤ ለውጡስ?

የአብዛኞቻችን የዓመት ዕቅድ የሥራ ዝርዝር ነው። ሦስት ሥልጠና መውሰድ፣ አሥር መጽሐፍ ማንበብ፣ በሳምንት አራት ቀን ስፖርት መሥራት። መሥሪያ ቤት ስንገባም ያው ነው፦ ይህን ያህል ስብሰባ፣ ይህን ያህል መድረክ፣ ይህን ያህል ሠልጣኝ። ዓመቱ ሲያልቅ ክንውኑ 98 በመቶ ይባላል። በዚያ ሁሉ ሥራ የማን ኑሮ ተለወጠ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። «ለሪፖርት ፍጆታ» የሚባለው በየቢሮው የተለመደው በዚህ ምክንያት ነው።

እኔ ዕቅድ መነሳት ያለበት እንዲመጣ ከምንፈልገው ለውጥ ነው ብዬ አምናለሁ። ሥራው ከዚያ ይወጣል።

ለዚህ ከፈንጣጣ መጥፋት የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 የተጠናከረ ዘመቻ ሲጀምር ከያዛቸው ግቦች አንዱ የሕዝቡን 80 በመቶ መከተብ ነበር። ለቆጠራ የሚመች ግብ ነው። ይሁንና ብዙ ሰው በተከተበባቸው አካባቢዎችም በሽታው መዛመቱን አላቆመም።

ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 መጨረሻ፣ ሐኪሙ ዊልያም ፌጊ ምሥራቅ ናይጄሪያ ውስጥ ወረርሽኝ ገጠመው። ለሁሉም የሚበቃ ክትባት አልነበረም። ስለዚህ ሚስዮናውያን በሬዲዮ እየተገናኙ ታማሚ ያለባቸውን መንደሮች እንዲነግሩት አደረገ። እነዚያን መንደሮችና በሽታው ቀጥሎ ሊደርስባቸው ይችላል ያላቸውን ቦታዎች ከተበ። አብዛኛው ሕዝብ ሳይከተብ ወረርሽኙ ቆመ። ግቡ የተከተበ ሰው ቁጥር ሳይሆን የበሽታው መቆም ሲሆን፣ የሚሠራው ሥራም ተለወጠ።

ይህ አካሄድ አገራችንም ደርሷል። ዘመቻው እዚህ በ1963 ዓ.ም. ሲጀመር ሠራተኛው ጥቂት፣ አገሩ ሰፊ፣ ብዙው ሕዝብ ከመኪና መንገድ የራቀ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ታማሚዎች ተመዘገቡ። ሠራተኞቹ የታማሚ ምስል ያለበት ካርድ ይዘው ገበያና ትምህርት ቤት እየገቡ፣ እንዲህ የሆነ ሰው ያየ እንዳለ ይጠይቁ ነበር። ጠቋሚ ከተገኘ ጉዞ ወደተጠቆመው መንደር ነው። ቀኑን ሙሉ በእግር ተጉዞ አንድ ታማሚ ማግኘት በክትባት ቁጥር ሲመዘን ከንቱ ድካም ይመስላል፤ በዓላማው ሲመዘን ግን ዋናው ሥራ እሱ ነበር። የኢትዮጵያ የመጨረሻው ታማሚ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ኦጋዴን ውስጥ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1980 ፈንጣጣ ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ።

ወደ ቤታችን እንምጣ። ልጁ ማንበብ የከበደው ወላጅ አስጠኚ ይቀጥራል፣ መጽሐፍ ይገዛል፣ ማታ ማታ አንድ ሰዓት ያስጠናል። ሁሉም ተፈጸመ፤ ልጁ ግን አሁንም አንድ አንቀጽ አይዘልቅም። ዕቅዱ «እስከ ፋሲካ አንድ ገጽ ተረት ሳይደናቀፍ አንብቦ የገባውን በራሱ አንደበት ይነግረኛል» የሚል ቢሆንስ? ያኔ ወላጁ መጀመሪያ ቁጭ ብሎ ልጁን ያዳምጣል። ልጁ ፊደሉን ያውቃል፤ የሚሳሳተው ኃምስና ሳድስ ላይ ነው። አሁን የሚሠራው ታወቀ፤ ምናልባት አዲስ መጽሐፍም አያስፈልግም።

ዝርዝር አይጠቅም እያልኩ አይደለም። ያለ ዝርዝር ክትባቱም መንደር አይደርስም። ደግሞም በውጤት መመዘን ይከብዳል፤ የተባለውን ሁሉ ሠርተን ለውጡ ላይመጣ ይችላል። ግን ያንን በሦስተኛው ወር ማወቅ መንገድ ለመቀየር ጊዜ ይሰጣል። በዓመቱ መጨረሻ ማወቅ ለጸጸት ብቻ ነው።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ዕቅዳችሁን አውጡና በእያንዳንዱ ሥራ አጠገብ «ይህ ቢሳካ ምን ይለወጣል? ለማን?» ብላችሁ ጻፉ። መልስ የጠፋለትን ሥራ ያለ ርኅራኄ ሰርዙት። ጊዜያችን ውስን ነው፤ ለውጥ ለሚያመጣው ይዋል።