ይቺን ገጽ ለእማዬ አታንብቢላት

ሌክ ዌልስ፣ ፍሎሪዳ
መጋቢት 8

ይድረስ ለውድ እህቴ፤

እማዬ የደም ግፊቷን ተለካች ወይስ ዛሬም «ደህና ነኝ፤ የሚያመኝ የሐኪም ቤቱ ወረፋ ነው» ብላ ቀረች? መጀመሪያ እሱን መልሺልኝ።

እኔ አለሁ። ከምኖርበት ከአሌክሳንድሪያ እስከዚህ 1,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሁለት ቀን ነዳሁት። ሞቴሉ ለአንድ ሌሊት 74 ዶላር ነው። ቁርስ አለው ተብዬ ነበር፤ ቁርስ ማለት ዶናትና ውሃ የመሰለ ቡና ኖሯል። ሁዳዴ ስለሆነ ዶናቱም ቀረብኝ። ከኩባ ሰዎች ምግብ ቤት ጥቁር ባቄላ በሩዝ አግኝቼ ሦስት ቀን ጾሜን ያዝኩ ብዬ ደስ ብሎኝ ስበላ ሰነበትኩ። በአራተኛው ቀን አስተናጋጇን ምን ቢያደርጉበት ነው እንዲህ የሚጥመው ብላት፣ «የአሳማው ስብ ነው» አለችኝ። የንስሐ አባቴ ፊት እንዴት እንደምቀርብ እንጃ። እሁድ ኦርላንዶ ድረስ ነዳሁና በያይነቱ በላሁ፤ 21 ዶላር፣ ቲፑ ሳይቆጠር። ሽሮው ደህና ነበር። ከጎኔ ያሉት አራት ሆነው አንድ ትሪ ከበው ሲጎራረሱ እኔ ብቻዬን ስቆርስ አስተናጋጁ አዘነልኝ መሰለኝ፣ ያላዘዝኩትን እንጀራ ጨመረልኝ።

የምትጠብቂው የሰማዩን ወሬ፣ ሞተር አዝሎ በጨርቅ ክንፍ የመብረር ትምህርቴን፣ እንደሆነ አውቃለሁ። የመጀመሪያውን አምስት ቀን እግሬ ከመሬት አልተነሳም። ፌስታል በክር አስረን በበሬሳ ወንዝ ዳር ስንሮጥ ትዝ ይልሻል? እሱን ነው በ2,800 ዶላር የተማርኩት። ፌስታሉ ብቻ 26 ካሬ ሜትር ሆነ። «ፓራሹት» ስለው አሰልጣኙ ይቆጣል፤ «ፓራሹት ለሚወድቅ ሰው ነው፣ ይሄ ክንፍ ነው» ይላል። ክንፉን ሣሩ ላይ ዘርግተሽ፣ ፊትሽን ወደሱ አዙረሽ፣ ነፋሱን በጀርባሽ ተቀብለሽ ገመዶቹን ስትስቢ ተነፍቶ ይነሳል። ከዚያ አናትሽ ላይ አቁመሽ መያዝ ነው። ወደ ግራ ሲያዘነብል ሮጠሽ ከሥሩ ትገቢያለሽ፤ ቀድሞሽ ወደፊት ሊወድቅ ሲል በሁለት እጅሽ ፍሬኑን ትስቢያለሽ። ለፋሲካ ከገበያ የሚጎተት በግ አስቢ፤ እዚህ ግን ጎታቹ በጉ ነው። በሁለተኛው ቀን በደረቴ ሣር ላይ አንሸራተተኝ። አብሮኝ የሚማረው ጡረታ የወጣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሳቁ እስኪያስለው ሳቀብኝ። ከሰዓት ተራው የሱ ሆነ።

ጎህ ሳይቀድ ሜዳው ላይ እንደርሳለን። አሰልጣኙ ከኪሱ ከእጅ መዳፍ የምታንስ የነፋስ መለኪያ ያወጣና ዝም ብሎ ያያታል። በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር ካለፈች «ቡና ጠጡ» ብሎ ያባርረናል። በዘጠኝ ቀን አምስት ጊዜ አባርሮናል። በየቀኑ 74 ዶላሬ እየተቃጠለ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ቅጠል እንኳ የሚነቃነቅ ሳይመስለኝ! አንድ ቀን ተከራከርኩት። ዛፎቹን አሳየኝ። በሬሳ ውስጥ ውሃው ከድንጋይ በስተጀርባ እንደሚሽከረከረው ሁሉ፣ ነፋስም ዛፍና ቤት ካለፈ በኋላ ይሽከረከራል፤ አይታይም እንጂ ክንፍ ያጥፋል። እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ፀሐይ ያጋለችው አሸዋ አየሩን እያሞቀ ወደ ላይ ይሰደዋል። ለጀማሪ የተፈቀደው ጠዋትና ወደ ማታ ብቻ ነው።

አባዬ «ፈቃድ አለው ወይ?» ማለቱ አይቀርም። በዚህ አገር ሕግ አያስፈልግም በይው። ከ1982 ጀምሮ፣ ባዶ ክብደቱ ከ115 ኪሎ በታች የሆነ፣ አንድ ሰው ብቻ የሚይዝ፣ ነዳጁ ከ19 ሊትር የማይበልጥ ነገር ያለ ፈቃድ ይበረራል፤ በጨለማና ሕዝብ በተጨናነቀበት ሰፈር ላይ ግን የተከለከለ ነው። አሰልጣኙ ይህንን ሲነግረን ፊቱ ጠቆረ። «ማንም አያስቆማችሁም። ሰው የሚሞተውም ለዚህ ነው» አለ።

ከዚህ በታች ያለውን ለእማዬ አታንብቢላት።

ሦስተኛው ጓደኛችን ወጣት የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ዓምና ያገለገለ ሞተር ገዝቶ በቪዲዮ ብቻ ሊማር ሞከረ። ሞተሩን መሬት ላይ አቁሞ ሲያስነሳ ነዳጅ መስጫው ተይዞ ኖሮ፣ ሞተሩ አጓርቶ ዘለለበት። ሊይዘው እጁን ዘረጋ። አሁን የግራ እጁ ሁለት ጣቶች አጭር ናቸው። ቡና ሲይዝ አያለሁ። በየጠዋቱ የነዳጅ መስጫውን ከሁላችን ቀድሞ የሚፈትሸው እሱ ነው፤ የኔንም ጭምር።

በስድስተኛው ቀን ሞተሩን አዘልኩ። ከነነዳጁ ከ30 ኪሎ ያልፋል፤ በልጅነት የተሸከምኩት ያ ሁሉ የውሃ ጀሪካን ለዚህ ኖሯል! ዘይት በተቀላቀለ ቤንዚን ስለሚሠራ ሽታው የድሮውን ቬስፓ ነው። ክንፉ ተነሳ፣ ነዳጅ ሰጠሁ፣ የራስ ቁሬ ውስጥ ባለው ሬዲዮ «ሩጥ! ሩጥ! እንዳትቀመጥ!» ይላል። እግሬ ቀለል ሲለኝ በረርኩ ብዬ ተቀመጥኩ። አልበረርኩም ነበር። በቂጤ አረፍኩ፤ ፕሮፔለሩ መሬት መትቶ ተሰነጣጠቀ። 280 ዶላር። ይህን ለአባዬም እንዳትነግሪው። አሰልጣኙ እንደማይጮህብኝ ሳይ ይበልጥ አፈርኩ።

በማግስቱ ግን ሮጥኩ። እግሬ አየር ላይ ሆኖም ሮጥኩ፤ ሲስቁብኝ በሬዲዮ ይሰማኛል። እታለም፣ ከፍታዬ 150 ሜትር ሲሆን ዝም አልኩ እንጂ ምን እላለሁ። ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ። የብርቱካን እርሻው አብቦ ሽታው እስከ ላይ ይደርሳል። ይህ አገር መሬቱ በሐይቅ የተበሳሳ ነው፤ በሐይቅ ላይ ማለፍን ግን አሰልጣኙ ከልክሎናል። አዞውን ትተሽ፣ ከጀርባሽ የታሰረ ሞተር ይዞሽ ይሰምጣል። «ተራራ» የሚሉትን ደግሞ አየሁት፤ ቁመቱ 90 ሜትር ገደማ! የኛ ሰው ጉብታ እንኳ አይለውም። አናቱ ላይ በልጅነቱ ከሆላንድ የመጣ የመጽሔት አዘጋጅ በ1929 ያስመረቀው የደወል ማማ አለ፤ 60 ደወሎች አሉት ይላሉ። ሞተሩ ጆሮዬን ደፍኖት አልሰማሁም እንጂ የሥላሴ ቤተ ክርስቲያንን ደወል ነበር ያሰብኩት።

ለማረፍ ሞተሩን አጠፋሁ። ሞተር ቢጠፋ ክንፍ አይጠፋም፤ ቀስ ብሎ ይንሳፈፋል። ለዚህ ነው ሁልጊዜ የሚደረስበት ባዶ ሜዳ በዓይን ይዞ መብረር የሚያስፈልገው። ነፋሱን ፊት ለፊት ይዤ ወረድኩ፣ መሬቱ ሊነካኝ ሲል ሁለቱንም ፍሬን ሳብኩ፣ ትንሽ ዘገየሁ መሰለኝ በጉልበቴ አረፍኩ። 11 ደቂቃ። ሱሪዬ ተቀደደ። ጀግናው ወንድምሽ ያኔውኑ ሁለተኛ ልነሳ ብሎ ነበር፤ መለኪያዋ ግን እምቢ አለች።

የዚያኑ ቀን ነዳጅ ልሞላ ቀይ ጀሪካኔን ይዤ ማደያ ገባሁ። ከፊቴ የነበረው ሰው ሞልቶ ነው የከፈለው። እኔን ግን ባለ ማደያው «አንተ መጀመሪያ ክፈል» አለኝ፤ ቀጥሎም «ቤንዚኑን ለምን ፈለግከው?» «ለመብረር» አልኩት። እንዳልሰማ አስመሰለና ሦስት ጊዜ አስደገመኝ፤ ከኋላዬ ያሉትም ሳቁ። ከፍዬ ወጣሁ። መኪናው ውስጥ ሆኜ ደወልኩልሽ፤ እናንተ ዘንድ ሌሊት መሆኑን የረሳሁት ለዚህ ነው፤ ምንም አልሆንኩም። ታናሻችን ማሙሽ ግን ስደውልለት ለምን አላነሳም? ፈተናው ከባድ ነበር? ወደ ደሴ ሊሄድ ነው ያልሽኝ እውነት ነው? መንገዱ ደህና ነው?

«አምጥተህ ደብረ ብርሃን ታበርልናለህ» ብሎ ለጻፈልኝ ሰውም ንገሪው፤ በ2,800 ሜትር አየሩ ስስ ነው። ሞተሩ ይደክማል፣ ሩጫውም ይረዝማል፤ እኔ ደግሞ እዚህ ከባሕር ጠለል ብዙም በማይበልጥ ቦታ እንኳ በቂጤ ያረፍኩ ሰው ነኝ። የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ማስፈቀዱም አለ። ለጊዜው ፌስታሉን ያብርር።

ነገ ጎህ ሲቀድ ነፋሱ ከፈቀደ አራተኛ በረራዬ ነው። እማዬ ስትጠይቅሽ «ኮርስ ላይ ነው» በያት፤ ውሸት አይደለም። የግፊቷን ቁጥር ግን የላይኛውንም የታችኛውንም ጻፊልኝ። «ደህና ነች» ብለሽ እንዳትልኪብኝ።

ወንድምሽ

በርበሬውን በሚመጣ ሰው ላኪልኝ ያልኩሽን አልረሳሁም፤ አንቺም አትርሺ።