ሁለት ጊዜ የተቀረጸ ሥራ

ዮሐን ሴባስቲያን ባህ እ.ኤ.አ. በ1741 ያሳተመው «የጎልድበርግ ቫሪዬሽኖች» የተጻፈው ሁለት ረድፍ ቁልፎች ላሉት ሃርፕሲኮርድ ነው። ሥራው በአሪያ ይከፈታል፤ በአሪያው የባስ መስመር ላይ የተሠሩ 30 ቫሪዬሽኖች ይከተላሉ፤ ያው አሪያ ተመልሶ ይዘጋዋል። ቫንዳ ላንዶቭስካ በ1933 ፓሪስ ውስጥ በሃርፕሲኮርድ ከቀረጸችው ወዲህ የማን አጨዋወት ይበልጣል የሚለው ክርክር በሸክላ ወዳጆች ዘንድ አልበረደም። ከዚህ ሁሉ ንጽጽር ግን አንድን ተጫዋች ከራሱ ጋር እንደ ማስተያየት የሚያስተምር የለም፤ ኖታው ያው ነው፣ የተለወጠው ሰውዬው ነውና።

ካናዳዊው ፒያኒስት ግሌን ጉልድ ሥራውን በ1955 ኒው ዮርክ ውስጥ፣ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን በነበረ ስቱዲዮ ሲቀርጽ ገና 22 ዓመቱ ነበር። ድግግሞሾቹን ሁሉ ትቶ በ38 ደቂቃ ተኩል ገደማ ጨረሰው። ጣቶቹ ይበርራሉ፤ እያንዳንዱ ድምፅ ግን ጥርት ብሎ ይሰማል። ዝናው በዚህ ሸክላ ወጣ። በ1981 ወደዚያው ስቱዲዮ ተመልሶ ደግሞ ሲቀርጸው 51 ደቂቃ ወሰደበት። ሁለት ደቂቃ ያልሞላው የመክፈቻ አሪያ ከሦስት ደቂቃ አለፈ፤ ቫሪዬሽኖቹም በአንድ የልብ ትርታ የተያያዙ መሰሉ። በጥቅምት 1982 ዐረፈ።

እዚህ ላይ «ወጣቱ ፈጣን፣ አዛውንቱ ዝግተኛ» ብሎ ማለፍ ስህተት ነው። ላንዶቭስካ «ጥቁር ዕንቁ» ያለቻት 25ኛዋ ቫሪዬሽን ከሥራው ሁሉ ሐዘን የከበደባት ናት። ጉልድ በወጣትነቱ ከስድስት ደቂቃ ተኩል ትንሽ ባነሰ ጊዜ ተጫወታት፤ በ1981 ግን አሳጠራት። የፊተኛው ሐዘን ይንሰቀሰቃል፣ የኋለኛው ራሱን ይገዛል። ሁለቱን ቀረጻዎች ሊያወዳድር የተነሣ ሰው መጀመሪያ እዚህች ቫሪዬሽን ላይ ጆሮውን ያሳርፍ። ጉልድ እየተጫወተ የሚያንጎራጉረው ድምፅም በሁለቱም ይሰማል፤ ይህን የሚጠላ አለ፣ የሚናፍቅም አለ።

በኦፔራ በኩል ተመሳሳይ ዕድል የሰጠችው ማሪያ ካላስ ናት። የፑቺኒን «ቶስካ» በ1953 ሚላን በሚገኘው በላ ስካላ፣ በቪክቶር ደ ሳባታ መሪነት ቀረጸች። ሁለተኛው ቀረጻ ከ11 ዓመት በኋላ በፓሪስ፣ በዦርዥ ፕሬትር መሪነት ተካሄደ። ጨካኙን ስካርፒያ በሁለቱም የዘመረው ቲቶ ጎቢ ስለሆነ ንጽጽሩ ይበልጥ ይጠራል። የመጀመሪያው በሞኖ ቢቀረጽም ኦርኬስትራው እንደ እሳት ነው፤ የካላስም ድምፅ ሙሉ ነው። በሁለተኛው ከፍተኛዎቹ ኖታዎች ይንቀጠቀጣሉ። ሆኖም ቶስካና ስካርፒያ በሚፋጠጡበት በሁለተኛው ገቢር፣ የደከመው ድምፅ ለተጨነቀችው ሴት የሚሰጣት እውነት አለ። አንድ ቀረጻ ብቻ የሚመርጥ የ1953ቱን ይያዝ፤ ያን ገቢር ለመስማት ግን የፓሪሱንም መፈለግ ይገባዋል።