የገና ሰሞን በጥድ ጥላ ሥር

አማርኛ በመማር ላይ ያሉ የመሥሪያ ቤት ወዳጆቻችን ብዙ ጊዜ የሚሰናከሉበት አንድ ቃል አለ፤ ይኸውም «ክረምት» የሚለው ነው። የአውሮፓን የበረዶ ወራት በዚህ ቃል ይተረጕሙታል። በእኛ አገር ግን ክረምት የዝናብ፣ የጭቃና የጎርፍ ጊዜ ነው። የአውሮፓ ሰው በበረዶ ተከቦ እሳት የሚሞቅበት ታኅሣሥና ጥር ለእኛ በጋ ነው፤ ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ውርጭ፣ እህሉም በዐውድማ ላይ የሚውልበት ወራት። ሶማሎች ይህንኑ ደረቅ ወራት «ጂላል» ይሉታል። ስለዚህ የገና ሰሞን ከወዳጆቻችን ጋር በደን ውስጥ ለእጅ ሥራ የዋልንበትን ጕዞ ስናወራ፣ አንባቢ በረዶ እንዳይጠብቅ ከወዲሁ እናሳስባለን።

በዚያን ጊዜ አራት ሴቶች ሆነን በሐርጌሳ ከተማ 26 ጁን በተባለው ወረዳ እንኖር ነበር። ወረዳው ስሙን ያገኘው እንግሊዝ የሶማሌላንድን ግዛት ከለቀቀበት ቀን ነው፤ እርሱም በእኛ አቈጣጠር ሰኔ 19 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። በዚያ ከተማ ገና እንደ ማንኛውም የሥራ ቀን ያልፋል። በ2014 ዓ.ም. ግን ታኅሣሥ 29 ቀን ዐርብ ዋለ። ዐርብ የሐርጌሳ የዕረፍት ቀን ስለ ሆነ፣ ከጎረቤታችን ከኤዶ ጋር ሐሙስ ከቀትር በኋላ ተነሥተን ወደ ምሥራቅ ጋአን ሊባህ ወደሚባለው ተራራ ወጣን። ትርጕሙ የአንበሳ እጅ ማለት ነው።

«ኤዶ» በሶማሊኛ የአባት እኅት ማለት ሲሆን ለታላቅ ሴት የክብር መጠሪያ ይሆናል። እኒህ ሴት በ1980 ዓ.ም. ሐርጌሳ በአውሮፕላን ስትደበደብ ወደ ኢትዮጵያ ተሰድደው፣ በሐርተ ሼኽ ሰፈር ብዙ ዓመት ኖረዋል። አማርኛም የተማሩት ጅግጅጋ ገበያ ላይ ነው። ከሁሉ አስቀድመው ያወቁት «ስንት ነው?» እና «ቀንሺ!» የሚሉትን ስለ ሆነ፣ ዛሬም ምርቃታቸው ሳይቀር የዋጋ ክርክር ይመስላል።

በተራራው ላይ ያገኘነው ዛፍ እንግዳ አልሆነብንም። ሶማሎች «ዳይብ» የሚሉት በመናገሻ ሱባ ደን የምናውቀው የሐበሻ ጥድ ነው። መዓዛው ገና ከሩቅ ተቀበለን። ዳሩ ግን ከለመለመው ይልቅ ቆሞ የደረቀው በዛብን፤ ደኑም በእጅጉ ሳስቷል። ኤዶ ከመኪናው ሳይወርዱ «አንድ ቅርንጫፍ የሚቈርጥ ከእኔ ጋር አይመለስም» ብለው ነበርና፣ ለእሳታችን የወደቀ ጭራሮ ለቀምን፤ የቀረውን ከከተማ በያዝነው ከሰል ሞላነው።

ከሰሉን ስናፈስ ኤዶ አንዱን አንሥተው አገላበጡና «ይህ ጋሎል ነው» አሉ። ጋሎል የግራር ዓይነት ነው። ልጡ ለምንጣፍ፣ ሥሩ ለሶማሊ ጎጆ ማገር ይሆናል፤ የከተማው ከሰልም በብዛት የሚከሰለው ከዚሁ ዛፍ ነው። «እኔ ከዛፉ ጥቂት እለምናለሁ፤ አክሳዩ ግን ዛፉን ይወስዳል» አሉና፣ ጥቂት ዝም ብለው፣ «ቤቴም የማነደው ይህንኑ ነው» ሲሉ ሳቁ። እኛ ግን ወዲያው ለመሳቅ አልቻልንም።

እኛ የያዝነው ስንደዶና አክርማ ነበር። ስንደዶ ለሰፌድና ለመሶብ ውስጥ የሚሆን ሣር ነው፤ አክርማ ደግሞ በላዩ የሚጠመጠመው ነው፤ በቀለም ሲነከር አለላ ይባላል። በቶጎ ውጫሌ ኬላ ስናልፍ ፈታሹ እስሩን ሁለት ጊዜ ፈትቶ አየው፤ ሰው ሣር ከአገር ወደ አገር ለምን እንደሚያጓጕዝ አልገባውም መሰለን። ኤዶ ደግሞ «አርጌግ» ከሚባል ቁጥቋጦ ሥር የተገኘ ቃጫ በውኃ ዘፍዝፈው አምጥተዋል። ከዚህ የሚሰፋው «ዲል» የተባለ የወተት ዕቃ ነው። እጅግ ጠብቆ ስለሚሰፋ ወተት አያፈስም፤ ውስጡም በፍም ይታጠናል። በእኛ አገር የወተት ቅል በወይራ እንደሚታጠን ማለት ነው።

በማግስቱ ማለዳ ጾሙ ተፈታ። ክርስቲያኑና እስላሙ ሥጋ በየራሱ ስለሚያርድ፣ ነገሩን ሳናወሳስብ በዳቦ፣ በእንቁላልና በግመል ወተት ተስማማን። ወተቱ የተቀዳው ከዲሉ ነበር፤ የጢስ ጣዕም አለው። ዛሬ በሐርጌሳ የግመል ወተት የሚሸጠው በቢጫ ጀሪካን ነው፤ ፕላስቲኩ ርካሽ ነው፣ አይሰበርም፣ ጣዕም ግን አይሰጥም።

ከቍርስ በኋላ ሥራ ተለዋወጥን። የእኛ ወስፌና የእርሳቸው «ሙዳዕ» መንትያ ናቸው፤ ሁለቱም እየበሱ ቃጫውን ለማሳለፍ ያገለግላሉ። ኤዶ ስንደዶውን ዳሰው «እንደ ሕፃን ጠጕር ለሰለሰ» አሉና በአንድ ሰዓት ውስጥ ሰፌድ ጀመሩ። እኛ ግን እስከ ቀትር ድረስ ታግለን ከመዳፍ የማይሰፋ የዲል መቀመጫ ብቻ አወጣን፤ እርሱም ውኃ ሲጨመርበት እንደ ወንፊት አፈሰሰ። ኤዶ እያንጐራጐሩ ፈቱትና፣ «ስፌቱን በዓይን አትቍጠሩት፤ በአውራ ጣት ቍጠሩት» ብለው እንደ ገና አስጀመሩን። በሶማሌ ሴቶች ዘንድ ምንጣፍና ዕቃ ሲሠራ ይዘፈናል፤ የዘፈኑ ምት የእጁን ፍጥነት ይመራል። ያለ ዘፈን የሠራነው ሁሉ የጠማማ ነበር።

ስንለያይ ኤዶ ያን ወተት የጠጣንበትን ዲል ሰጡን። ከእናታቸው በተማሩት አኳኋን ራሳቸው የሰፉት ነው። እኛም የተጀመረውን ሰፌድ ከነስንደዶው ሰጠናቸው።

ከዚያ በኋላ በ84ኛው ቀን፣ መጋቢት 23 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ የረመዳን ዋዜማ ማታ፣ ዋሄን የተባለው የሐርጌሳ ትልቁ ገበያ በእሳት ጋየ። የኤዶ መደብም በዚያ ነበር። ለሽያጭ ከደረደሯቸው ዕቃዎች ጋር፣ ለናሙና ያስቀመጧቸው የእናታቸው ዲሎችም ተቃጠሉ። እኛ ለማጽናናት ስንሄድ ኤዶ ስለ ገንዘቡ ብዙ አልተናገሩም። «የእናቴን አንገት አሠራር እጄ ረስቶታል፤ እርሱን እያየሁ ነበር የምሰፋው» አሉን። የዲል አንገት፣ ክዳኑ የሚገጥምበት ጠባቡ ክፍል፣ ከሁሉ የሚከብደው ነው።

በሳምንቱ ደጃችንን አንኳኩተው ገቡ። ቡናም ሳይጠጡ ያን ዲል ከመደርደሪያ አውርደው፣ በመስኮቱ ብርሃን ፊት ተቀምጠው፣ አንገቱን በአውራ ጣታቸው ይቈጥሩ ጀመር። ሦስት ጊዜ ቈጥረው ሦስት ልዩ ልዩ ቍጥር መጣባቸው። በመጨረሻም «ልጆቼ፣ ጥቂት ቀን አውሱኝ» አሉና በነጠላችን ጠቅልለው ወሰዱት። እስከ ዛሬ አልመለሱትም፤ እኛም አልጠየቅናቸውም። ባለፈው በሮቻቸው ስናልፍ ግን ከውስጥ ሲያንጐራጕሩ ሰምተናል።