በአንድ ማዕድ ስለ መቀመጥ

ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር ሦስት ነገሮች አይለዩትም፤ እነርሱም የተወለደበት ቤት፥ የተጠመቀበት ሃይማኖትና የሚኖርበት አገር ጉዳይ ናቸው። ሦስቱ በየስፍራቸው ሲቆሙ ሰው በሰላም ያድራል፤ አንዱ የሌላውን ስፍራ ሲይዝ ግን ቤት ይናወጣል። ይህን ቃል ለሌሎች ሳስተምር ብዙ ዘመን ኖሬያለሁ፤ በገዛ ቤቴ ግን አልጠበቅሁትም። የደረሰብኝን ዛሬ መጻፌም እንደ እኔ ያለ አባት ቢገኝ ሳይመሽበት ይመለስ ዘንድ ነው እንጂ ገመናዬን መግለጥ ደስ ብሎኝ አይደለም።

የተወለድሁት በጎጃም ነው፤ ቅኔም የቈጠርሁት በዚያው በዋሸራ ነው። ወደ ቅኔ ቤት የገባሁበት 1977 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ ረኃብ የበረታበት ዓመት ነበረ። ደበሎ ለብሰን አኵፋዳ ይዘን ስንለምን፥ ለራሳቸው ያልተረፋቸው እናቶች «ተማሪ ባዶ እጁን አይመለስም» እያሉ ቁራሽ ይሰጡን እንደ ነበረ አልረሳውም። በ1985 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ መጥቼ በአራዳ ተቀመጥሁ። ከቅዱስ ጊዮርጊስ በታች ባለች ጠባብ የቀበሌ ቤትም ትዳር ይዤ አንድ ወንድና ሁለት ሴቶች ልጆች ወለድሁ።

በጥር ወር 2015 ዓ.ም. ከቅዱስ ሲኖዶስ ፈቃድ ውጭ የኤጲስ ቆጶሳት ሹመት ተደርጎ ቤተ ክርስቲያናችን በታላቅ ፈተና ላይ እንደ ነበረች ሁሉ ያውቃል። ምእመናን የነነዌን ጾም ሦስቱን ቀን ጥቁር ልብስ ለብሰው እንዲጸልዩ በታወጀ ጊዜ እኔና ባለቤቴም ለበስን። በሁለተኛው ቀን ማታ ለማዕድ ስንቀመጥ ወንዱ ልጄ ከሥራ መጣ፤ ልብሱ ግን እንደ ወትሮው ነበረ። እኔም ጥቁር ያልለበሰበትን ምክንያት ጠየቅሁት። እርሱም፥ «አባባ፥ ሹመቱ ሥርዓትን የጣሰ መሆኑን እኔም አምናለሁ። ነገር ግን ቅዳሴን በቋንቋው ሊሰማ የሚወድ ሕዝብ አለ፤ እርሱ ምን በደለ? እርስዎ ግን ይህንንም ያንንም አንድ ላይ ጠቅልለው ፖለቲካ ይሉታል» አለኝ። ከዚህ ቃል ውስጥ የመጨረሻውን ብቻ ሰማሁ። ደሜም ፈላና፥ «እንዲህ እያልህ በማዕዴ አትቀመጥ» አልሁት። ልጄ አንድ ቃል ሳይመልስ ተነሣ፤ የእናቱን ጉልበት ሳመና ወጣ።

በማግሥቱ በቤተ ክርስቲያን ተገኝቼ የዮናስን ታሪክ ሰማሁ። ከተማዪቱ ስለ ተማረች የተቈጣውን የነቢዩን ነገር እየሰማሁ የገዛ ቍጣዬን አላየሁም። ከጥቂት ቀን በኋላ፥ የካቲት 8 ቀን፥ አባቶች ተነጋግረው ወደ ስምምነት ደረሱ፤ ሕዝቡም ደስ አለው። በእኔ ቤት ግን ዕርቅ አልነበረም። ያ ፋሲካ አለፈ፥ መስቀልም፥ ገናም፥ ጥምቀትም አለፈ፤ ልጄ አልመጣም፤ እኔም አልላክሁም። ባለቤቴ እንጀራ እየጋገረች በእኅቶቹ እጅ ትልክለት እንደ ነበረ አውቅ ነበር፤ እንደማያውቅ ሆኜ ዝም አልሁ።

ዓመት ከወር ካለፈ በኋላ፥ የ2016 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም ቅበላ በሆነበት እሑድ፥ በአሜሪካ አገር በዩታ ግዛት የሚኖረው የእኅቴ ልጅ አንድ ጎረቤቱን ይዞ ወደ እኔ መጣ። እንግዳው ዕድሜው ከስድሳ ያለፈ ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ሃይማኖቱም ሰዎች ሞርሞን የሚሉት ነው። ስለ እነዚህ ሰዎች አስቀድሞ ጥቂት ልናገር። ማኅበራቸው በፈረንጆች ቍጥር በ1830 በአሜሪካ በጆሴፍ ስሚዝ የተመሠረተ ነው። እርሱ በ1844 በኢሊኖይ ግዛት በቍጡ ሰዎች እጅ ተገደለ። ተከታዮቹም ብሪገም ያንግ በሚባል መሪ እየተመሩ በ1847 ወደ ምዕራብ ተሰደው በጨው ባሕር አጠገብ ባለ ደረቅ ሸለቆ ሰፈሩ። ብዙ ሚስት ማግባትን እስከ 1890 ይፈቅዱ ነበር፤ ጥቁር ሰውንም እስከ 1978 ድረስ ለክህነታቸው አይቀበሉም ነበር። ስለ ሥላሴ የሚያስተምሩት ሠለስቱ ምዕት በኒቅያ ከወሰኑት ጋራ አይስማማም፤ እኛ የማንቀበላቸው መጻሕፍትም አሏቸው። ይህን ሁሉ ለእንግዳው በእኅቴ ልጅ አስተርጓሚነት ሳልሸሽግ ነገርሁት፤ እርሱም አልተቈጣም። ጥቁርን ስለ መከልከላቸው በተነሣ ጊዜ ግን ዐይኑን ወደ ምድር አድርጎ ጥቂት ዝም አለ።

አስቀድሜ ሠፈሬን ላሳየው ወደድሁ። በቅዱስ ጊዮርጊስ ደጅ ቆመን፥ ታቦቱ ወደ ዓድዋ መዝመቱን፥ ቤተ ክርስቲያኑ በጣልያን ዘመን መቃጠሉን፥ ንግሥት ዘውዲቱ በ1909፥ ዐፄ ኃይለ ሥላሴም በ1923 ዓ.ም. የነገሡት በዚህ መሆኑን ነገርሁት። ከዚያ ወደ አቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ወረድን። «እኒህ አባት ለጠላት አልገዛም፥ ሕዝቡንም ተገዙ አልልም ብለው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጥይት ተደብድበው ሞቱ። በደርግ ዘመን ደግሞ ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ ታስረው ኖረው በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል። ስለዚህ እኛ ከቤተ መንግሥት ጋራ አንድ ሆነንም፥ ተገፍተንም፥ ተለይተንም አይተነዋል» አልሁት። እርሱም የእነርሱም ታሪክ እንዲሁ መሆኑን፥ ስደተኞች የነበሩት አባቶቹ በበረሃው ግዛት ሲሰፍሩ ብሪገም ያንግ የሃይማኖት መሪም የግዛቱ ገዥም ሆኖ እንደ ነበረ ነገረኝ። «የተገፋ ሰው ሥልጣን ሲያገኝ መግፋትን አይማርም ማለት አይቻልም» አለ።

በዚያ ሳምንት በዶሮ ማነቂያ በኩል አሮጌዎቹ ቤቶች ይፈርሱ ነበር። ለብዙ ዓመት በዕድርና በሰንበቴ አብረውን የኖሩ ሰዎች ዕቃቸውን በመኪና ጭነው ወደየተመደበላቸው ሠፈር ሲሄዱ አየን። እንግዳው ቆሞ አንዲት አሮጊት መሶባቸውን ታቅፈው ከመኪናው ላይ ሲወጡ ተመለከተና፥ «ሌላውን ዕቃ ለሰው ሰጥተው ይህን ለምን ራሳቸው ይይዙታል?» ብሎ ጠየቀ። የእኅቴም ልጅ፥ «ቤተ ሰብ የሚሰበሰበው በእርሱ ዙሪያ ስለ ሆነ ነው» አለው።

ወደ ቤት ገብተን ባለቤቴ ቡና ልታፈላ ስትነሣ ትንሽ ችግር ሆነ። እነዚህ ሰዎች ቡናም፥ የሚያሰክር መጠጥም በሃይማኖታቸው አይጠጡም። ቡና በኢትዮጵያ ቤት እንቢ ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ አንባቢ ያውቃል፤ ባለቤቴም ፊቷ ተለወጠ። ነገሩን ባስረዳኋት ጊዜ ግን ሥቃ፥ «እንግዲያማ እርሱም የሚጾመው አለው» ብላ ብርዝ አቀረበችለት።

በማዕድ ላይ ሳለን እንግዳው እንዲህ አለ። «እኛ በየወሩ የመጀመሪያውን እሑድ ሁለት ማዕድ እንጾማለን፤ ያልበላነውንም ዋጋ ለድኾች እንሰጣለን። በ1985 ጥር ወር ግን በኢትዮጵያና በሌሎች የአፍሪቃ አገሮች ለተራበው ሕዝብ ልዩ ጾም ታወጀ። እኔ በዚያን ጊዜ አዲስ ሙሽራ ነበርሁ፤ ገንዘብም አልነበረንም፤ የአንድ ቀን ምግባችንን ሰጠን። አገራችሁን ለማየት የተመኘሁት ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው።» ያ ቀን በእኛ ቍጥር ጥር 19 ቀን 1977 ዓ.ም. ነው፤ በአንድ ቀን ጾም የተሰበሰበውም ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበረ። እኔ በዋሸራ ቁራሽ ስለምን፥ ስሙን የማላውቀው ሃይማኖቱም የማይመስለኝ ሰው በሌላ ዓለም ስለ ወገኖቼ ተርቦ እንደ ዋለ ባሰብሁ ጊዜ የምመልሰው ቃል አጣሁ።

ከዚህ በኋላ ስለ ቤተ ሰቡ ጠየቅሁት። ቤተ ክርስቲያናቸው ከ1915 ጀምሮ ምሽት ለይቶ ቤተ ሰብ ሁሉ በቤቱ እንዲሰበሰብ ትመክራለች፤ ኋላም ሰኞ እንዲሆን ተወሰነ። ይጸልያሉ፥ ይማማራሉ፥ ከልጆች ጋራም ይጫወታሉ። «እንግዲያው በእናንተ ቤት የፖለቲካ ጠብ የለም?» አልሁት። ሣቀና እንዲህ አለ። «ቤተ ክርስቲያናችን ለማንም ፓርቲ አትወግንም፤ እኛ ግን ሰዎች ነን። በ2012 በሪፐብሊካን በኩል ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደሩት ሚት ሮምኒና በዚያው ዘመን በሴኔቱ የዴሞክራቶች መሪ የነበሩት ሃሪ ሪድ ሁለቱም የእኛ ሃይማኖት ሰዎች ናቸው። በ2020 ሮምኒ በገዛ ፓርቲያቸው ፕሬዚዳንት ላይ ስለ መሐላቸው ብለው በፈረዱ ጊዜ፥ እኔ ከሓዲ ናቸው አልሁ፤ ልጄ ግን እውነተኛ ናቸው አለች። በሰኞ ምሽት፥ ጸሎት ባደረስንበት ጠረጴዛ ላይ አዋረድኋት። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ሰኞ ሲመጣ ወንበሯ ባዶ ነበረ።»

ባለቤቴ የእኅቴ ልጅ እስኪተረጕም ድረስ በትዕግሥት ጠበቀች፤ ከዚያም ቀና ብላ አየችኝ። እኔም እንጀራውን እያየሁ፥ «እንዴት ታረቃችሁ?» አልሁት። «እኔ ወደ ደጇ ሄድሁ» አለ። «ልጅ አይደለችም ወይ መምጣት ያለባት?» ብለው፥ «ቃሉን የተናገርሁት እኔ ነበርሁ» አለኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በአገራችን ልማድ አባት የተቀየመ እንደ ሆነ ልጅ ሽማግሌ ይልካል፥ ድንጋይም ተሸክሞ እግሩ ላይ ይወድቃል፤ አባትም ይምራል። የበደለው አባት በሆነ ጊዜ ግን ማን ድንጋይ ይሸከማል? ደግሞም የቅኔ ተማሪ ሳለሁ ከመምህሬ የተማርሁት ሥርዓት ትዝ አለኝ። የሌላውን ቅኔ ሰሙንና ወርቁን ለይቶ ሳይፈታ መንቀፍ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ስንቱን ቅኔ ስፈታ የኖርሁ ሰው፥ የገዛ ልጄ ሹመቱ ስሕተት መሆኑን እንዳመነልኝ እንኳ አልሰማሁም ነበር።

በማግሥቱ ሰኞ፥ የጾሙ መጀመሪያ ቀን ነበረ፤ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌም ሳልልክ ታክሲ ተሳፍሬ ልጄ ተከራይቶ ወደሚኖርበት ወደ ኮተቤ ሄድሁ። በሩን ከፍቶ ባየኝ ጊዜ ደነገጠ፤ «እማማ ደኅና ናት?» አለኝ። ሞት ልነግረው የመጣሁ መስሎት ነበረ። «እናትህ ደኅና ናት። እኔ ነኝ ደኅና ያልሆንሁት። ያን ቀን በማዕድ ላይ የተናገርሁህ ቃል የአባት ቃል አልነበረም፤ ይቅር በለኝ» አልሁት። ልጄ በጉልበቴ ላይ ወደቀ፤ «አባባ፥ መምጣት የሚገባኝ እኔ ነበርሁ» እያለ አለቀሰ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ እውነት ነው፤ በቅቤ አልታሸም፤ በእንባ ግን ጥቂት ቀለለው። ሽሮ ሠርቶ ኖሮ ከአንድ ሳሕን በላን። ስወጣም እስከ መንገድ ሸኘኝና፥ «ሐሳቤን ግን አልለወጥሁም» አለ። «እኔም አልለወጥሁም» አልሁት፤ ሁለታችንም ሣቅን።

ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ ከቅዳሴ መልስ ይመጣል። አንድ ሥርዓትም አቆምን፤ ማዕዱ ተባርኮ እንጀራው ሳይቈረስ ስለ አገር ጉዳይ አይነሣም። ከተነሣም በኋላ የሚቃወም ሰው አስቀድሞ የሌላውን ቃል በራሱ አፍ ተናግሮ፥ ተናጋሪው «አዎን፥ ያልሁት ይህን ነው» ካላለው መልስ መስጠት አይችልም። ይህ ሥርዓት ከሁሉ ይልቅ እኔን አስቸገረኝ፤ የልጄን ቃል ስደግም ሦስት ጊዜ ተሳስቼ የታረምሁበት እሑድ አለ። በቋንቋ ነገር እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልተስማማንም፤ ነገር ግን እርሱ የሥርዓትን ክብር፥ እኔም የዚያን ሕዝብ ጥም ከቀድሞው ይልቅ አስተዋልን።

የእኛም ሠፈር በኋላ ተነሥቶ ዛሬ የምንኖረው ከአራዳ ርቀን ነው። ዕቃ ስንጭን ባለቤቴ መሶቡን ለማንም አልሰጠችም፤ ታቅፋው በመኪናው ላይ ወጣች።

አንባቢ ሆይ፥ የሞርሞኑን ሃይማኖት አልወሰድሁም፤ እርሱም የእኔን አልወሰደም። አባት አስቀድሞ ወደ ልጁ ደጅ መሄድ እንደሚችል ግን ከእርሱ ተማርሁ፤ ይህንንም ከሌላ ሰው መማሬ አያሳፍረኝም። በቤትህ ስለ አገር ጉዳይ ባዶ የሆነ ስፍራ ቢኖር፥ የሚቀጥለው ጾም ሳይገባ ተነሥተህ ሂድ።