አንድ ሳህን ለሁለት

በደቡብ ስፔን፣ በሴቪያ ከተማ፣ ሳንታ ክሩዝ የሚባል አሮጌ ሠፈር አለ። አንዳንዱ መንገድ ከመጥበቡ የተነሣ ባልና ሚስት ጎን ለጎን የሚሄዱት ተጠጋግተው ነው። በየአደባባዩ ብርቱካን ተንዠርግጓል፤ መራራ ነውና አትቅጠፉ!

ሠፈሩ ቀድሞ የአይሁድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1391 ሕዝብ ተነሥቶባቸው ብዙዎች ተገደሉ፤ ምኩራቦቻቸውም አብያተ ክርስቲያናት ተደረጉ። ከእነዚህ አንዱ፣ ሳንታ ማሪያ ላ ብላንካ፣ ዛሬም ቆሟል። ይህ በክርስቲያኖች እጅ መፈጸሙ ልብ ያደማል። ከእራት በፊት እዚያ ጥቂት ቁሙ።

ለእራት አትቸኩሉ፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት በፊት ብዙው ወጥ ቤት አይከፈትም። «ታፓ» ቃሉ ክዳን ማለት ሲሆን፣ በትንሽ ሳህን የሚቀርብ ምግብ መጠሪያ ሆኗል። በከሙን የተቀመመውን ስፒናች በሽምብራ እዘዙ፤ ከእኛ ጓዳ የወጣ ይመስላል። ከጣሪያ የተንጠለጠለው «ሃሞን» የአሳማ ሥጋ ነው፤ የማትበሉ ስሙን ያዙ። ሁለት ሹካ፣ አንድ ሳህን። ሲያልቅ ሌላ ይመጣል፤ እስኪመጣ ድረስ ከመነጋገር በቀር ሥራ የለም። በቤታችን እንዲህ ተጨዋውተን የበላነው መቼ ነው?

በአንዳንድ አሮጌ ቤቶች አስተናጋጁ ሒሳባችሁን በጠመኔ ባንኮኒው ላይ ይጽፈዋል።