የመዝገብ ቤቱ ቁልፍ

አዲስ ነገር ወደ አንድ መሥሪያ ቤት የሚገባው እንደ ሙሽራ በእልልታ ነው። ንግግር ይደረግለታል፤ ቡና ይፈላለታል፤ አሮጌው ዕቃ ግን በዚያው ቀን በጓሮ በር ይወጣል። ሙሽራይቱም በሠርጉ ማግሥት ጨው የተቀመጠበትን ስፍራ የሚያሳያት የቤቱን ሰው ካላገኘች፣ ውበቷም ሆነ ጌጧ ወጡን አያጣፍጠውም። ይህን የምለው በሰው ለመፍረድ አይደለም፤ እኔው ራሴ እጄን ያስገባሁበትን ነገር ለመናዘዝ ነው እንጂ።

ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ የሚወስደው መንገድ ጊንጪን አልፎ በ114 ኪሎ ሜትር ላይ አምቦ ይደርሳል፤ ከዚያም ጉደርን፣ ጌዶንና ባኮን እያቋረጠ ወደ ወለጋ ያልፋል። እኔም ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንደ ወጣሁ በጸሐፊነት የተቀጠርሁት በዚህ መንገድ ዳር ካሉት የምዕራብ ሸዋ ከተሞች በአንደኛዋ ነው። የመሥሪያ ቤቱን ስም መጥራት ለነገሬ አይጠቅምምና እተወዋለሁ።

በመሥሪያ ቤታችን ጀርባ አንዲት ጠባብ መዝገብ ቤት አለች። የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው የ1967ቱ አዋጅ ከወጣ በኋላ የገበሬ ማኅበራት ያከፋፈሉት ይዞታ፣ የግብር ደረሰኝ ቅጂ፣ የውርስ ማስረጃ፣ ሁሉም በዚያች ቤት ከጣሪያ እስከ ወለል ተደርድሮ ይገኛል። ከ1984 ዓ.ም. በፊት ያለው ወረቀት በአማርኛ የተጻፈ ሲሆን፣ አፋን ኦሮሞ የሥራ ቋንቋ ከሆነ ወዲህ ያለው ደግሞ በቁቤ የተጻፈ ነው። ሁለቱንም የሚያነቡ፣ የየትኛው ቀበሌ መዝገብ በየትኛው መደርደሪያ እንዳለ ሳያዩ የሚያውቁ አንድ አዛውንት ነበሩን። ትንሹም ትልቁም «ጋሼ» ይላቸዋል። ቁልፉ በጥቁር ክር ታስሮ ከአንገታቸው አይለይም ነበር።

ኮምፒውተሩ የመጣ ዓመት ባለሙያዎች መጥተው ለሦስት ቀን አስተማሩን። ወሩ ሰኔ ነበር። የበጀት ዓመት የሚዘጋበት፣ ሒሳብ ሠራተኛው እህል የሚቀምስበት ጊዜ የሚያጣበት፣ ባለጉዳዩም ለእርሻው የሚጣደፍበት ወር ነው። ከአሥር ሠራተኛ ትምህርቱን በቅጡ የተከታተለው ሦስት እንኳ አይሞላም። ጋሼንማ «ጡረታዎ ቀርቧል፤ አይድከሙ» ብለን አልጠራናቸውም። እንዲህ ስንላቸው አክብረናቸው መስሎን ነበር።

ከዚያም ወጣቶች በጊዜያዊነት ተቀጥረው የመዝገቡን ስም ሁሉ ወደ መሣሪያው አስገቡ። ሥራው አለቀ በተባለ ቀን ቁልፉን ከጋሼ የተረከብሁት እኔ ነበርሁ። ክሩን ከአንገታቸው አውልቀው አንድ ቃል ሳይናገሩ ሰጡኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በግቢው ዋንዛ ሥር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚወጣውንና የሚገባውን ሰው ይመለከቱ ነበር። እኔም ቁልፉን በጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ጥዬ ረሳሁት።

ጥቂት ወራት እንዳለፉ አንዲት ባልቴት ከደጋው ወርደው መጡ። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። በይዞታቸው ላይ ጎረቤት ተከራክሯቸው ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሷል፤ ዳኛውም የቀድሞውን የይዞታ ማስረጃ ከመሥሪያ ቤታችን እንዲያቀርቡ አዘዋቸዋል። የሟቹን ስም ጠይቄ በመሣሪያው ፈለግሁ። አልተገኘም። «የለም፣ እናቴ» አልኋቸው። ሁለተኛ መጡ፤ ያንኑ ቃል መለስሁላቸው። በሦስተኛው ጊዜ መቀነታቸውን እያጠበቁ እንዲህ አሉኝ።

«ልጄ፣ ባሌ የገበረበትን ወረቀት በዚህ መቀነት ቋጥሬ ያመጣሁት እኔ ነኝ። የተቀበለኝም ይኸው ቤት ነው። ይህ ዕቃ የለም ቢል፣ አንተስ የለም ትላለህ?»

መልስ አጣሁ። እውነቱን ለመናገር እስከዚያች ሰዓት ድረስ «የለም» የሚለውን ቃል የተናገረው መሣሪያው እንጂ እኔ አይመስለኝም ነበር። ሴትዮዋ ግን የሚያዩት የእኔን ፊት ነው፤ ተመልሰው ቤታቸው የሚገቡትም የእኔን ቃል ይዘው ነው።

ወጥቼ ወደ ዋንዛው ሥር ሄድሁ። ጋሼ ነገሩን ሰምተው የሟቹን ስም አልጠየቁም። «የአባቱ ስም ማን ነው? የገበሬ ማኅበራቸውስ?» አሉ። ቁልፉን ከመሳቢያዬ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ገብተው ከሦስተኛው መደርደሪያ ግርጌ አንድ አቧራ የጠጣ መዝገብ መዘዙ። ውስጡም የማኅበሩ ማኅተም ያለበት የክፍፍል ወረቀት ከነደረሰኞቹ ነበረበት። የመዝገቡን ቁጥር ወስጄ በመሣሪያው ብጽፍ፣ እነሆ መሣሪያውም አወጣው! ለካስ ከመጀመሪያው ጀምሮ እዚያው ነበር።

ምሥጢሩ ቀላል ነው። የሟቹ ስም ጫላ ነው። በአሮጌው መዝገብ በፊደላችን ተጽፏል። በቁቤ ሲጻፍ የ«ጨ» ድምፅ አንድ ፊደል ብቻ ይበቃዋል። ስሙን ያስገባው ወጣት ግን እንግሊዝኛ የለመደ ነበርና ሁለት ፊደል ደርቦ ጻፈው፤ ያም በቁቤ ሲነበብ «ቻላ» ይሆናል። «ጠ»ም እንዲሁ ነው፤ ቁቤ ለብቻው አንድ ፊደል ሰጥቶታል፤ እንግሊዝኛ የለመደ ሰው ግን ከ«ተ» ጋር ያመሳስለዋል። እኔ በቁቤ ሕግ ስፈልግ፣ ወጣቱ በእንግሊዝኛ ልማድ ያስቀመጠውን እንዴት ላግኘው? መሣሪያው አልዋሸም፤ ወጣቱም አልሰነፈም። ሦስቱን አጻጻፍ የሚያስታርቅ ሰው ግን ዋንዛ ሥር ተቀምጦ ነበር።

ከዚህ በኋላ ታላላቆቻችን አዲስ ሥርዓት ሲያቆሙ ያደረጉትን አሰብሁ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ ነገሩ ለአገሩ ፍጹም አዲስ ነበር። የጽሕፈት ሚኒስትር ያደረጉት ግን ቀድሞም ጽሕፈቱን የያዙትን ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴን ነው። የፍርድ ሚኒስትር የሆኑት አፈ ንጉሥ ነሲቡ፣ የገንዘብ ሚኒስትር የሆኑትም በጅሮንድ ሙሉጌታ ናቸው። ሹመቱ አዲስ ሲሆን፣ ተሿሚው ሥራውን የሚያውቀው የቀድሞው ሰው ነበር። በእኛም ዘመን የመንግሥት ሒሳብ ከነጠላ ወደ ሁለትዮሽ ምዝገባ ሲዛወር፣ አይቤክስ የተባለውም የበጀትና የወጪ ሥርዓት ወደ ወረዳ ሲወርድ፣ ሥራውን ተምረው የተሸከሙት በየወረዳው የነበሩት ሒሳብ ሠራተኞች ናቸው። እኛ ግን መሣሪያውን ስንቀበል ሰውየውን አሰናበትን።

የሆነውን ሁሉ ለኃላፊያችን ሳልሸሽግ ነገርኋቸው። እርሳቸውም አልተቆጡም፤ «እንግዲያው ከሥር እንጀምር» አሉ። ከየመደርደሪያው መቶ መዝገብ በዕጣ አነሣንና አንድ በአንድ በመሣሪያው ፈለግናቸው። ይህን ማድረግ የነበረብን ቁልፉን ከመረከባችን በፊት ነበር። ያልተገኘው ብዙ ስለ ነበር ሥራውን እንደ ገና ጀመርን። ጋሼ መዝገቡን ከፍተው ስሙን ያነባሉ፤ ወጣቱ በቁቤም፣ በፊደላችንም፣ ባለጉዳዩ በሚጠራበት ስምም ያስገባል። ይህ እስኪያልቅ መዝገብ ቤቱና መሣሪያው ጎን ለጎን ሠሩ። ከሁለቱ በአንዱ ብቻ ፈልጎ «የለም» ማለት ለማንም አልተፈቀደም።

መጀመሪያ ወጣቶቹ አጉረመረሙ። ሥራው ዘገየ፤ መብራትም በየጊዜው እየጠፋ አስቸገረን። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ግን፣ ጋሼ በአንድ ጣታቸው መጻፍ ጀመሩ፤ ወጣቶቹም የድሮውን የእጅ ጽሑፍ ማንበብ ተማሩ። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ሳለ ከወጣቶቹ አንደኛው ባለጉዳዩን «የአባትህ ስም ማን ነው? ቀበሌህስ?» ብሎ ሲጠይቅ ሰማሁት። ጋሼም ሰምተው ፈገግ አሉ።

ዛሬ ስለ ዲጂታል መታወቂያ በ2015 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1284 አለ፤ ፋይዳ የሚባለውን ቁጥር የያዘ ሰው ስሙ በየትኛውም ፊደል ቢጻፍ ቁጥሩ አይለወጥበትም። ይህ ትልቅ ቸርነት ነው። በመዝገብ ቤታችን የተኙት አብዛኞቹ ስሞች ግን የሙታን ናቸው። ለሙት ፋይዳ አይወጣለትም፤ የልጆቹ ማሳ ግን በእርሱ ስም ላይ ይቆማል። ስለዚህ ያን ስም አውቆ የሚጠራ ሰው ያስፈልገናል።

በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ የሥራ ባልደረቦቼ ሆይ፣ አዲስ መሣሪያ ሲመጣላችሁ በደስታ ተቀበሉት፤ ያለ እርሱ የነገው ሥራ አይሠራም። ቁልፉን ከመቀበላችሁ በፊት ግን ቁልፉን የያዘውን ሰው አስተማሪ አድርጉት። ጋሼ ጡረታ ሲወጡ ቁልፉን ለሁለቱ ወጣቶች ያስረከቡት በገዛ እጃቸው ነው።

ባልቴቲቱ ማስረጃቸውን ይዘው ተከራክረው መሬታቸውን አስከበሩ። ይሁን እንጂ እኔ «የለም» እያልሁ ያመላለስኋቸው ጊዜ የእርሻ ጊዜ ስለ ነበር፣ ማሳቸው በክርክር ታግዶ ያን ክረምት ጦሙን አደረ። መሬቱ ተመልሶላቸዋል። ያንን ክረምት ግን የሚመልስላቸው መሣሪያም ሆነ መዝገብ የለም።